ሪሲቨር ሥርጭትን ቀድቶ የሚያቆየው እንዴት ነው?



በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በየቤታችን ከቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠውን፣ በተለምዶ «ሪሲቨር» የምንለውን ትንሽ ሣጥን ነው። ሣጥኑ ሥርጭትን ከሳህን ተቀብሎ ለቴሌቪዥን እንደሚያቀብል ሁሉም ያውቃል። በፊቱ ወይም በጀርባው ባለችው ቀዳዳ ፍላሽ ሲሰካበት ግን ሥርጭቱን ቀድቶ እንደሚያቆይ፣ ባሻንም ሰዓት መልሶ እንደሚያሳይ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ እንዴት አድርጎ እንደሚሠራው የሚያውቀው ደግሞ ከጥቂቱም ጥቂት ነው። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች በመሆናችን ይህን ርእስ ማንሣታችን ድፍረት ሊመስል ይችላል። የኢንጂኔሪንግ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ስሕተት ቢያገኙብን እንዲያርሙን አስቀድመን እንለምናለን። ይሁን እንጂ ርእሱን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሀ) የጥያቄው መነሻ

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር በኮሮና ወረርሽኝ የተነሣ በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ እኛ በምዕራብ ጎጃም፣ በወምበርማ ወረዳ፣ በሽንዲ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ትምህርቱ በራዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ጀመር። በሰፈራችን ሳህን የተከለ ቤት ብዙ ስላልነበረ፣ አምስት ስድስት ሆነን ከአንዲት ጎረቤታችን ቤት እንሰበሰብ ነበር። ሁላችንም እትዬ እያልን የምንጠራቸው የቤቱ እመቤት ሴት ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ስለ ነበረች፣ ደጃቸውን ለማንም ተማሪ ዘግተው አያውቁም።

ችግሩ የሰዓት ነገር ነበር። ትምህርቱ በሚተላለፍበት ሰዓት አንዱ ከአባቱ ጋር እርሻ ላይ ነው፤ ሌላዋ ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች፤ ያልሄደውም ቢሆን መብራት የለም። አንድ ቀን ከቡሬ ለጥየቃ የመጣ የቤቱ ዘመድ ፍላሽ ሰክቶ፣ በሪሞቱ ላይ ያለችውን የመቅጃ ቁልፍ ተጭኖ የሒሳቡን ትምህርት ቀዳልን። ከዚያ ቀን በኋላ ልማድ ሆነ። ማታ ማታ ተሰብስበን ትምህርቱን እናስጀምራለን፤ ቀመሩን ወደ ደብተር እስክንገለብጥ እናቆመዋለን፤ ያልገባንን እንመልሰዋለን። በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ «እንደ ገና ይንገሩን» ሲባል የማይሰለች አስተማሪ አገኘን።

በግንቦት ወር አንድ ቀን ግን ትምህርቱ እየተቀዳ ሳለ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመጣ ሪሲቨሩ ፍላሹን ማንበብ እንዳልቻለ ገልጾ፣ ፎርማት ይደረግ እንደ ሆነ ጠየቀን። ነገሩን ሳናውቅ «አዎን» የሚለውን ተጫንን። የአንድ ወር ትምህርት በአንድ ቁልፍ ጠፋ። ተፈታኟ እንባዋን ስታፈስ እትዬ፣ «አይዞሽ፤ ከሰማይ የመጣ ነገር ሰማይ ላይ አይጠፋም፤ ሳተላይቱ ዘንድ ይኖራል» ብለው አጽናኗት። እኛም አመንንና ብዙ ቀን ጠበቅን። የጠበቅነው ግን አልመጣም።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ያ ትምህርት የነበረው የት ነበር? ከሰማይ ነውን? ከሣጥኑ ነውን? ወይስ ከፍላሹ? ደግሞስ በእርግጥ ጠፍቶ ነበርን?

ለ) ከሰማይ የሚወርደው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ የእትዬን አሳብ እንመርምር። ሳተላይት ጎተራ አይደለም፤ ከመስተዋት ጋር ቢመሳሰል ይሻላል። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ምድር በራሷ ላይ በምትዞርበት ጊዜ ልክ ዙሪያዋን ስለሚዞር፣ ከእኛ ዘንድ ሲታይ በአንድ ቦታ የቆመ ይመስላል። ከምድር ጣቢያ የተላከለትን ሞገድ ተቀብሎ፣ አጉልቶ ወደ ታች ይመልሳል። ሞገዱ ወጥቶ እስኪወርድ የሚፈጀው ጊዜ የአንድ ሴኮንድ ሩብ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሳተላይቱ ስላስተላለፈው ነገር የሚያስታውሰው የለም። ስለዚህ የእትዬ ተስፋ ከደግ ልብ የመነጨ ቢሆንም መሠረት አልነበረውም።

የአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሥራውን ሲጀምር ሥርጭቱ በምድር ላይ በተተከለ አንቴና ነበር፤ ስለዚህም ለጎጃም ገጠር የሚደርስ ነገር አልነበረም። በኋላ ዘመን ሳህን ወደ አገር ቤት ሲገባ ብዙዎቹ የአገራችን ጣቢያዎች የዐረብ አገር ጣቢያዎች በሚጠቀሙባቸው ሳተላይቶች ላይ ስለ ነበሩ ሳህኖቻችን ወደ ምዕራብ ያዩ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ግድም ግን ጣቢያዎቹ ኢትዮሳት በሚል ስም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ በሚገኘው ኤንኤስኤስ-12 በተባለው ሳተላይት ላይ ሲሰበሰቡ፣ ሳህን ሠሪዎች በየጣሪያው እየወጡ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞሩት። ከሽንዲ ሆኖ ለሚያይ ይህ አቅጣጫ ከምሥራቅ ጥቂት ወደ ደቡብ ያዘነበለ፣ ከአድማስም ከ60 ዲግሪ በላይ ከፍ ያለ ነው።

ሳህኑ ደካማውን ሞገድ ወደ አንድ ነጥብ ይሰበስባል። በዚያ ነጥብ ላይ የተቀመጠችው ኤልኤንቢ ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርዝ የሚደርሰውን ሞገድ በገመድ ሊሄድ ወደሚችል ከ950 እስከ 2,150 ሜጋኸርዝ ታወርደዋለች። በሪሲቨሩ ውስጥ ቱነር የሚባለው ክፍል ደግሞ ከዚህ መካከል አንዱን ሞገድ መርጦ፣ በላዩ የተጫኑትን የዜሮና የአንድ ቁጥሮች ያነጥራል። ስለዚህ ከሰማይ የሚወርደው ሥዕልም ድምፅም አይደለም፤ ቁጥር ነው። የቀረው የጽሑፋችን ክፍል ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ስለ ሆነ አንባቢ ይህን ነጥብ አጥብቆ እንዲይዝልን እንለምናለን።

ሐ) ሥዕሉ ስለምን ይታመቃል?

ተራ የቴሌቪዥን ሥዕል በአግድም 720፣ በቁመት 576 ነጥቦች አሉት። ሲባዛ 414,720 ነጥብ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ብርሃንና ቀለም 2 ባይት ብንመድብ፣ በአንድ ሴኮንድም 25 ሥዕል ቢያልፍ፣ በሴኮንድ 20,736,000 ባይት ማለት ነው። ይህም በአንድ ሰዓት ወደ 75 ጊጋባይት ይጠጋል። እኛ የነበረን ፍላሽ 16 ጊጋባይት የሚይዝ ስለ ነበር፣ ሥዕሉ እንዳለ ቢቀዳ ኖሮ 13 ደቂቃ ሳይሞላ በሞላ ነበር።

ነገር ግን ሥርጭቱ የሚላከው ታምቆ ነው። የአስተማሪ ትምህርት በምሳሌነት እንውሰድ። ሰሌዳው አይንቀሳቀስም፤ ግድግዳው አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሰው የአስተማሪው እጅና አፍ ነው። ስለዚህ ላኪው በመጀመሪያ አንድ ሙሉ ሥዕል ይልካል፤ ከዚያ በኋላ ላሉት ሥዕሎች የተለወጠውን ብቻ ይልካል፤ በግማሽ ሴኮንድ ወይም በአንድ ሴኮንድ ግድም ደግሞ እንደ ገና አንድ ሙሉ ሥዕል ይጨምራል። ይህን የማመቂያ ሥርዐት ለዲጂታል ቴሌቪዥን ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የወጣው ኤምፔግ-2 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤች.264 ደግሞ ከእርሱ የበለጠ ያምቃል።

በዚህ ዘዴ ተራው ሥዕል በሴኮንድ 3 ሚሊዮን ቢት ያህል ቢበቃው፣ የአንድ ሰዓት ትምህርት 1.35 ጊጋባይት ብቻ ይሆናል። ያው ፍላሽ አሁን 11 ሰዓት ያህል ይይዛል ማለት ነው። ጣቢያ ስንቀይር ሥዕሉ ወዲያው የማይመጣበት አንዱ ምክንያትም ከዚሁ ይገኛል፤ ሪሲቨሩ የሚቀጥለው ሙሉ ሥዕል እስኪደርስ ስለሚጠብቅ ነው። ለውጡን ብቻ ይዞ ሥዕል መሥራት፣ ከመካከሉ የተነገረን ተረት እንደ መረዳት ነው።

መ) የገበያ መንገድ

በአንድ ሞገድ ላይ አንድ ጣቢያ ብቻ አይጫንም፤ ብዙ ጣቢያዎች በአንድነት ይጫናሉ። ታዲያ ሪሲቨሩ የአንዱን ከሌላው እንዴት ይለያል?

በበርበሬ ወራት ከየቀበሌው ወደ ሽንዲ ገበያ የሚጓዙትን አህዮች ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም። በመንገዱ ላይ የብዙ ሰው ጭነት ተደባልቆ ይሄዳል። የአንዱ በርበሬ ነው፤ የሌላው በቆሎ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ባለቤት በጆንያው ላይ ምልክቱን ስለሚያደርግ፣ ገበያ ሲደርስ ማንም የማንንም አያነሣም። የዲጂታሉም ሥርጭት እንዲሁ ነው። ሥዕሉና ድምፁ ተቆራርጦ በትናንሽ ጥቅሎች ይታሰራል። እያንዳንዱ ጥቅል ልኩ 188 ባይት ነው፤ አይበልጥም፣ አያንስም። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ 4 ባይቶች የጥቅሉ ራስጌ ናቸው። ራስጌው ሁልጊዜ በአንድ ዐይነት ቁጥር፣ ይኸውም በ71 ይጀምራል፤ ይህም የጥቅሉ መነሻ የት እንደ ሆነ ያሳውቃል። ቀጥሎም ከ0 እስከ 8,191 ሊሆን የሚችል መለያ ቁጥር አለ፤ የባለቤቱ ምልክት ማለት ይህ ነው። ደግሞም ከ0 እስከ 15 እየቆጠረ የሚመላለስ ተራ ቁጥር ስላለ፣ በመካከል የጎደለ ጥቅል ቢኖር ይታወቃል።

የአንድ ጣቢያ ሥዕል አንድ መለያ፣ ድምፁ ሌላ መለያ አለው። የትኛው መለያ የማን እንደ ሆነ የሚያስረዳ ሰንጠረዥ ደግሞ ከጥቅሎቹ ጋር በየጊዜው አብሮ ይላካል፤ የዋናው ሰንጠረዥ መለያ ሁልጊዜ 0 ነው። ሪሲቨሩ በመጀመሪያ ሰንጠረዡን ያነብባል፤ ከዚያም የመረጥነውን ጣቢያ ጥቅሎች ብቻ አንሥቶ የቀሩትን ያሳልፋቸዋል።

ሠ) ቁም ጸሐፊው

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳያችን ደረስን። የመቅጃውን ቁልፍ ስንጫን ሪሲቨሩ ምን ያደርጋል? ብዙ ሰው በቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየውን ሥዕል መልሶ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ሪሲቨሩ የጣቢያውን ጥቅሎች እንደ መጡ፣ ሳይፈታ፣ ሳይለውጥ፣ በተራቸው ወደ ፍላሹ ይጽፋቸዋል። ሥራው ይህ ብቻ ነው።

በጎጃም ገዳማትና አድባራት ብራና ሲገለብጥ የኖረውን ቁም ጸሐፊ እናስብ። የቁም ጸሐፊ ተግባሩ ፊደሉን ሳያዛንፍ ማስተላለፍ ነው፤ ምሥጢሩን መፍታት የመምህሩ ድርሻ ነው። በሪሲቨር ውስጥም ሁለት ሠራተኞች አሉ። አንዱ ጥቅሎቹን ፈትቶ ሥዕል የሚያደርገው ፈቺ ነው፤ ሌላው ሳይፈታ የሚገለብጠው ጸሐፊ ነው። ስንቀዳ የሚሠራው ሁለተኛው ነው። በአማርኛችን ውሃም ድምፅም የሚቀዳው በአንድ ግሥ መሆኑ በዚህ ላይ በጣም ይስማማል፤ ቀጂው ውሃውን ከምንጩ ወደ እንስራው ያዛውረዋል እንጂ ውሃ አይሠራም።

ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ቅጂው ከመጀመሪያው አያንስም። በድሮው የቪዲዮ ካሴት የሚቀዳው በመግነጢስ የተሣለ ሞገድ ስለ ነበር፣ ከቅጂ ቅጂ ሲወሰድ ሥዕሉ እየደበዘዘ ይሄድ ነበር። ቁጥር ግን ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ ያው ቁጥር ነው። ሁለተኛ፣ የመጣው ሁሉ ከነጉድለቱ ይቀዳል። በክረምት ከባድ ዝናብ ሲዘንብ ሞገዱ ይዳከማል፤ ሥዕሉም ይቆራረጣል። ያ ሲሆን የተቀዳ ትምህርት እስከ መጨረሻው የተቆራረጠ ሆኖ ይኖራል። ሦስተኛ፣ ቱነሩ አንድ ብቻ የሆነ ሪሲቨር እንኳ አንዱን ጣቢያ እየቀዳ ሌላውን ሊያሳይ ይችላል፤ ነገር ግን ሁለቱም ጣቢያዎች በአንድ ሞገድ ላይ የተጫኑ ሲሆኑ ነው። በሌላ ሞገድ ላይ ላለው ጣቢያ ሁለተኛ ቱነር ያስፈልጋል። ሪሲቨሩ አንዳንድ ጊዜ እየቀዳ ሳለ ጣቢያ አልቀይርም የሚለው በእልህ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው።

ረ) የጎታው ምሳሌ

ከእኛ በፊት የተማሩ ታላላቆቻችን የፕላዝማን ነገር ብዙ ጊዜ ያነሡልናል። ከ1997 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ፣ በየክፍሉ በተሰቀለ ፕላዝማ ቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። ለክፍሉ አስተማሪ የሚተርፈው መግቢያና መደምደሚያ የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ነበር። ዓላማው በገጠርም በከተማም ያለው ተማሪ አንድ ዐይነት ትምህርት እንዲያገኝ ስለ ነበር የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ሥርጭቱ አይጠብቅም። አንድ ተማሪ ቃሉ ባይገባው፣ አስተማሪው ላስረዳ ቢል፣ ወይም መብራት ቢጠፋ፣ ትምህርቱ መንገዱን ይቀጥላል። ጉድለቱ በትምህርቱ ይዘት ብቻ አልነበረም፤ የማስተላለፊያው ሰዓትና የመማሪያው ሰዓት አንድ መሆኑም ነበር።

የመቅጃ ሣጥን ትልቁ ጥቅሙ እነዚህን ሁለት ሰዓቶች መለያየቱ ነው። አሳቡ ለሕዝብ በሰፊው የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1999 ቲቮና ሪፕሌይ ቲቪ የተባሉት ሣጥኖች በአሜሪካ ገበያ ላይ ሲውሉ ነው። እነርሱ በውስጣቸው ሃርድ ዲስክ ነበራቸው፤ የእኛዎቹ ግን በውስጣቸው ማቆያ ስለሌላቸው ፍላሽ ይሰካባቸዋል። አሠራሩ ግን አንድ ነው።

በሥርጭት መካከል «ቁም» ብለን ሥዕሉን ስናቆመው ምን እንደሚሆን በጎታ እንመስለው። የእህል ጎታ ከላይ ይሞላል፤ ከሥር ባለችው ቀዳዳ ይወጣል። የሚሞላው ሰውና የሚያወጣው ሰው መገናኘት አያስፈልጋቸውም። ሪሲቨሩም በፍላሹ ላይ የተወሰነ ቦታ ይከልልና አዲሱን ጥቅል በአንድ በኩል እየጻፈ፣ የቆየውን በሌላ በኩል እያነበበ ይሠራል። እኛ ስናቆመው የሚቆመው አንባቢው ብቻ ነው፤ ጸሐፊው ሥራውን አያቋርጥም። ለአሥር ደቂቃ አቁመነው እንደ ሆነ ከዚያ በኋላ የምናየው የአሥር ደቂቃ በፊቱን ነው። ምሳሌያችን የሚያነክሰው በአንድ ነገር ነው። ጎታ ሲሞላ መጨመር ይቀራል፤ የሪሲቨሩ ክልል ሲሞላ ግን ጸሐፊው ዞሮ ከሁሉ የቆየውን እየደመሰሰ አዲሱን በቦታው ይጽፋል። ስለዚህ ማቆምና መቅዳት አንድ አይደሉም። ሊያቆየው የሚፈልግ ሰው የመቅጃውን ቁልፍ መጫን አለበት።

ሰ) መልሶ ማሳየትና የሰዓት ነገር

የተቀዳውን መልሶ ማሳየት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ችግር አለው። ሥርጭቱ ከሰማይ ሲወርድ ፍጥነቱን የሚወስነው ላኪው ነው። ላኪው በሴኮንድ 27 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ ሰዓት አለው፤ የዚህንም ሰዓት ቁጥር ቢያንስ በየ100 ሚሊሴኮንዱ በጥቅሎቹ ውስጥ ያስገባል። ሪሲቨሩ የራሱን ሰዓት በእርሱ ያስተካክላል። ሁለቱ ሰዓቶች ባይስማሙ ኖሮ ጥቅሎቹ ወይ ከፈቺው ፍጥነት በልጠው ይትረፈረፉ፣ ወይም አንሰው ሥዕሉ ይቋረጥ ነበር።

ከፍላሽ ሲነበብ ግን ላኪ የለም። ፍላሹ በተጠየቀው ፍጥነት ሁሉ ይሰጣል። ስለዚህ ሪሲቨሩ በገዛ ሰዓቱ እየሄደ፣ በእያንዳንዱ ሥዕልና ድምፅ ላይ የታተመውን የመታያ ጊዜ እያነበበ፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ ያወጣዋል። የአስተማሪው ከንፈርና ድምፅ የሚገጥሙት በዚህ የጊዜ ማኅተም ነው። ስናቆመው ሰዓቱ ይቆማል፤ ስናስቀጥለው ሰዓቱ ይቀጥላል።

አፍጥነን ስናሳልፍ ደግሞ ሪሲቨሩ ሁሉንም አይፈታም፤ ከሙሉ ሥዕል ወደ ሙሉ ሥዕል ይዘልላል። ሥዕሉ እየዘለለ የሚታየው ስለዚህ ነው። ወደ ኋላ መመለስም የሚቻለው በሙሉ ሥዕሎቹ ላይ እየረገጡ ነው፤ ለውጡ ብቻ የተጻፈበት ሥዕል ከእርሱ በፊት ያለው ሳይታወቅ ሊፈታ አይችልምና። ብዙ ሪሲቨሮች ሙሉ ሥዕሎቹ የት የት እንዳሉ የሚመዘግብ ትንሽ ማውጫ ከቅጂው አጠገብ የሚያስቀምጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ሸ) በእኛ ፍላሽ ላይ የደረሰው

አሁን ወደዚያች የግንቦት ቀን እንመለስ። ፍላሽ እንደ መጽሐፍ ሁለት ክፍል አለው ማለት ይቻላል። አንዱ የተጻፈበት ገጽ ነው፤ ሁለተኛው የትኛው ጽሑፍ በየትኛው ገጽ ላይ እንዳለ የሚያሳይ ማውጫ ነው። ሪሲቨሩ በሚቀዳበት ጊዜ ገጾቹን ያለ ማቋረጥ ይጽፋል፤ ማውጫውን ግን የሚያስተካክለው አልፎ አልፎና መቅዳቱ ሲያበቃ ነው። መብራት በመካከሉ ሲጠፋ ገጾቹ ተጽፈው ማውጫው ይጎድላል፤ አንዳንድ ጊዜም እየተጻፈ ሳለ ስለሚቋረጥ ማውጫው ራሱ ይበላሻል። ሪሲቨሩ «አላነበብኩም» ያለን ማውጫውን እንጂ ትምህርቱን አልነበረም።

ይህን የተረዳነው ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ ነው። ከዚህ የሚብሰውን ደግሞ ቀጥለን ተረዳን። ፍላሽ በተለመደው ፈጣን መንገድ ፎርማት ሲደረግ በአብዛኛው የሚደመሰሰው ማውጫው ብቻ ነው። ገጾቹ ሌላ እስኪጻፍባቸው ድረስ በቦታቸው ይቆያሉ። ያን ጊዜ ፍላሹን ነቅለን፣ ሳንጽፍበት አቆይተን፣ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ካለ ኮምፒዩተር ቤት ወስደነው ቢሆን ኖሮ፣ የጠፋ ፋይል በሚፈልጉ ፕሮግራሞች ትምህርቱ ሊገኝ በቻለ ነበር። ከላይ እንዳመለከትነው እያንዳንዱ ጥቅል በአንድ ዐይነት ቁጥር ስለሚጀምርና ልኩ 188 ባይት ስለ ሆነ፣ ቅጂው ከመካከሉ ቢቆረጥ እንኳ አንባቢው የሚቀጥለውን መነሻ ፈልጎ ያገኛል። እኛ ግን በማግስቱ በዚያው ፍላሽ ላይ ሌላ ትምህርት ቀዳንበት። ትምህርቱን ያጠፋው የመብራቱ መጥፋት ብቻ አልነበረም፤ ፎርማቱም ብቻ አልነበረም፤ የመጨረሻውን የፈጸምነው እኛው ነን።

ቀ) ምን እናድርግ?

በእኛ ላይ የደረሰው በሌላው ላይ እንዳይደርስ የሚከተሉትን ነጥቦች እናሳስባለን።

1ኛ. መቅዳቱ በሪሞቱ ሳይቆም ፍላሹ አይነቀል፤ ሪሲቨሩም አይጥፋ።

2ኛ. ሪሲቨሩ ፎርማት ላድርግ ብሎ ሲጠይቅ፣ በፍላሹ ላይ የሚፈለግ ነገር ካለ «አይደለም» ይባል፤ ፍላሹም ወደ ኮምፒዩተር ይወሰድ።

3ኛ. አስፈላጊው ቅጂ በዚያው ዕለት ወይም በዚያው ሳምንት ወደ ሁለተኛ ፍላሽ ይገልበጥ። ቁጥር ሲገለበጥ እንደማያንስ አይተናል፤ እንግዲህ መገልበጡ ምንም ጉዳት የለውም።

4ኛ. ብዙ ፍላሾች ፋት 32 በሚባለው ሥርዐት የተዘጋጁ ናቸው። በዚህ ሥርዐት አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ሊበልጥ ስለማይችል፣ ሪሲቨሩ ረጅሙን ቅጂ ከፋፍሎ ያስቀምጠዋል። ሲገለበጥ ሁሉም ክፍል መወሰዱ ይረጋገጥ።

5ኛ. አንዳንድ ሪሲቨሮች በ12 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። የዚህ ዐይነቱ በባትሪ ወይም በፀሐይ ኀይል ሊሠራ ስለሚችል፣ መብራት በሚቆራረጥበት አገር ሲገዙ ይህን መጠየቅ ይጠቅማል።

6ኛ. በክፍያ የሚታዩ ጣቢያዎች ጥቅሎቻቸው የተቆለፉ ናቸው፤ ቅጂያቸውም አብዛኛውን ጊዜ ያለዚያው ሣጥንና ካርድ አይከፈትም። ይህ ምክራችን ለነፃ ጣቢያዎች የሚያገለግል ነው።

ስለ ሕጉም አንድ ቃል እንጨምር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ግለሰብ የታተመን ሥራ ለግል ጥቅሙ ብቻ በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ ይፈቅዳል። አባዝቶ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የደራሲንና የአዘጋጅን ላብ መንጠቅ ስለ ሆነ ተማሪ ሊሠራው አይገባም።

አንዳንድ አንባቢ ኢንተርኔት ባለበት ዘመን ስለ ፍላሽና ስለ ሪሲቨር ማውራት ወደ ኋላ መመለስ ነው ይለን ይሆናል። እንዲህ የሚለንን ሰው በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ሽንዲ ቢያገኘን ኖሮ መልሳችንን በዐይኑ ባየ ነበር። ሳህንና ሪሲቨር ኢንተርኔት አይጠይቁም። የተቀዳ ትምህርት ደግሞ ሳህንም አይጠይቅም፤ ጥቂት ኀይልና አንድ መስኮት የምታህል ቴሌቪዥን ይበቃዋል።

የእትዬ ልጅ የመጨረሻ ነገር እንዲህ ሆነ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በወረርሽኙ ምክንያት ዘግይቶ በ2013 ዓ.ም. ሲሰጥ፣ ተቀምጣ ያጠናችው ሥዕሉን እያቆምን ማታ ማታ ከገለበጥናቸው ደብተሮች ነበር። ከፍላሹ የጠፋው ትምህርት በደብተራችን የተጻፈውን ያህል ተረፈ። ሁለተኛ ቅጂ ማለት ይህ እንደ ሆነ ያን ጊዜ አላወቅንም ነበር።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ክረምት መጥቶ ወደየትውልድ አገራችን ስንመለስ እያንዳንዳችን አንድ ነገር ልናደርግ እንችላለን። ሪሲቨር ባለበት ቤት ገብተን፣ አንድ ፍላሽ ሰክተን፣ የመቅጃው ቁልፍ የትኛው እንደ ሆነና «ፎርማት» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ለቤቱ ልጆች እናሳያቸው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እኛን ግን አሥር ደቂቃ አስቀድሞ ያስተማረን ሰው ቢኖር ኖሮ፣ የአንድ ወር ትምህርት በእጃችን በቀረልን ነበር።